ከላይ የሚያርስ፣ ከታች የሚጠጣ

የሐረር ሕዝብ ለአሥርት ዓመታት የጠጣው የሐረማያን ሐይቅ ውሃ ነበር። ሐይቁ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አስፋልት ዳር ተንጣሎ የሚታይ፣ መንገደኛው በመኪና መስኮት አንገቱን አስግጎ የሚያየው፣ አጥማጁ ጀልባ የሚያንሳፍፍበት ውሃ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ወለሉ ተሰነጣጠቀ፣ ከብት ጋጠበት፣ ጥግ ጥጉም ታረሰ። ሐረር ውስጥ ቧንቧ ለቀናት ጠብ ሳይል ይከርም ጀመር፤ ጀሪካን ይዞ መሰለፍም የዕለት ኑሮ ሆነ። በመጨረሻ ውሃ የተገኘው ቆላ ተወርዶ፣ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ያም ውሃ ሐረር የሚደርሰው በፓምፕ እየተገፋ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ እየበላ፣ ተራራ ሽቅብ ወጥቶ ነው።

ሐይቁን ማን አደረቀው ቢባል የሚጠቆም አንድ ሰው የለም። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ዛፋቸውን አጥተው ስለነበር በየክረምቱ የሚወርደው ጎርፍ አፈር እየተሸከመ ሐይቁን ከሥሩ ሞላው። ዳር ዳሩን የተደረደሩ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች በበጋ ጫትና አትክልት ያጠጡ ነበር። ከተማው ይቀዳል፣ በአካባቢው ያሉ ተቋማት ይቀዳሉ፣ ፀሐይም የድርሻዋን ትወስዳለች። ጫት የተከለው ገበሬ ያደረገው ማንም የልጆች አባት የሚያደርገውን ነው፤ ማሽላው የማያስገኝለትን ጥሬ ብር ጫቱ ያስገኝለት ነበር። እያንዳንዱ ውሳኔ ለየብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ድምሩ ግን ሐይቅ አደረቀ። ድምሩን አስቀድሞ ሠርቶ «እዚህ ላይ ይብቃ» የሚል አካል በቦታው አልነበረም።

የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለቀለም ካርታ ነው። በቁም ነገሩ ግን ዕቅድ ማለት ይህን ድምር ውሃው ሳያልቅ መሥራት ነው።

ተፋሰስ የሚባለው የዘነበው ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ መውጫ የሚወርድበት መሬት ነው፤ ከጋራው አናት እስከ ወንዙ ዳር ያለው በሙሉ። ኢትዮጵያ 12 ትላልቅ ተፋሰሶች አሏት። በእነዚህ ውስጥ ደግሞ ጥቂት መቶ ሄክታር ብቻ የሚሸፍኑ፣ አንድ ወይም ሁለት መንደር የሚያርሳቸው እጅግ ብዙ ትናንሽ ተፋሰሶች አሉ። የቀበሌ፣ የወረዳና የክልል ወሰን ውሃውን ተከትሎ የተሰመረ አይደለም። ስለዚህ ከላይ የሚያርሰውና ከታች የሚጠጣው ብዙ ጊዜ በተለያየ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ አንዱ ለሌላው መልስ የሚሰጥበት ሸንጎም የላቸውም። የተፋሰስ ፖሊሲ ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአፈር ጥበቃ ዘዴው ከታወቀ ቆይቷል።

ዘዴው ለመታወቁ አንጀኒ ምስክር ናት። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ያለችው ይህች ትንሽ ተፋሰስ፣ በወሎ ካለው ማይባርና በሰሜን ሸዋ ካለው አንዲት ጢድ ጋር፣ በ1970ዎቹ የኢትዮጵያና የስዊዘርላንድ ባለሙያዎች በጋራ ካቋቋሟቸው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። በተፋሰሷ መውጫ ላይ የወንዙ ከፍታ ይለካል፣ የደፈረሰው ውሃ በጠርሙስ እየተቀዳ የያዘው አፈር ይመዘናል። ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ ጊዜን የሚመለከት ነው። ብዙው አፈር የሚታጠበው የክረምቱ መጀመሪያ ላይ፣ ማሳው ለጤፍ ደጋግሞ ታርሶና ልሞ ገና ምንም ሳይበቅልበት ነው። የጣቢያዎቹን መረጃ መሠረት አድርገው የተሠሩ ስሌቶች ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ የሚሸረሸረውን አፈር 1.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ አድርሰውታል።

አንጀኒ ላይ የተሠራው እርከን ፋንያ ጁ የሚባለው ነው። ተዳፋቱን አግድም ተከትሎ ቦይ ይቆፈራል፤ የወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል ይጣልና ክትር ይሆናል። በሚቀጥለው ክረምት ከላይ የሚመጣው አፈር እዚያ ላይ ይቆማል። ገበሬው ክትሩን በየዓመቱ ከፍ ካደረገው፣ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ተዳፋት ቀስ በቀስ ሜዳ እየሆነ ይሄዳል። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያየው ደረጃ በደረጃ የተኛ ማሳ ነው።

ገበሬው በእርከን ላይ ያለው ቅሬታ ግን ተራ ቅሬታ አይደለም። ክትሩና ቦዩ ከጠባቧ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳሉ። በሬ ማዞሪያ ይጠባል፤ ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው በየእርከኑ ጫፍ ሞፈር ማንሳት አለበት። አይጥ በክትሩ ውስጥ ይራባና ሰብሉን ይፈጀዋል። ትርፉ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከዚያም ቢሆን ጥቂት የማይባለው ትርፍ የሚደርሰው ከታች ላለው ጠጪ፣ ለግድቡና ለመስኖው ነው። ወጪው ከላይ፣ ጥቅሙ ከታች። ይህን ልዩነት የማያስታርቅ ዕቅድ፣ ካርታው የቱንም ያህል ቢያምር፣ መሬት ላይ አይጸናም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የማያሻማ መስመር አስምሮ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት፣ ማለትም በ100 ሜትር አግድም ርቀት ከ60 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ መሬት፣ ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለከብት መኖ ብቻ ነው። ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ያለው መሬት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው የጠረጴዛ እርከን ከተሠራ በኋላ ብቻ ነው። አዋጁ በኋላ በአዲስ ቢተካም፣ እነዚህ ቁጥሮች የኢትዮጵያ ሕግ አውጪ ተዳፋትን ከውሃና ከአፈር ጋር አያይዞ ማሰቡን ያሳያሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎታል፤ አዋጅ ቁጥር 534/1999 ደግሞ የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት የሚቋቋሙበትን መንገድ ከፍቷል።

የወሎን ወይም የሰሜን ሸዋን ገደላ ገደል ያየ ሰው ግን ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ሲታረስ ሳያይ አይቀርም። የሚያርሰው ብዙ ጊዜ መሬት ሲደለደል ያልደረሰበት፣ ከአባቱም ለመካፈል የማይበቃ ይዞታ የቀረለት ወጣት ነው። ሕጉ አትረስ ይለዋል፤ ዘንድሮ ምን ይብላ ለሚለው ግን መልስ አላዘጋጀለትም። በመስመሩ ላይ ስህተት የለበትም። የጎደለው ከመስመሩ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት የኑሮ አማራጭ ነው።

ያለ ስምምነት የተሠራ ሥራ ምን እንደሚገጥመው ደጋው አንድ ጊዜ አይቶታል። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ በነበሩት ዓመታት መንግሥት ከዓለም አቀፍ ረጂዎች ባገኘው እህልና ዘይት ሰፊ የእርከንና የደን ሥራ አሠርቶ ነበር። ሰው የሠራው ለስንዴው ነው፤ ተራራውም የተከለለው ነዋሪው ሳይመከር ነው። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲላላና ሲወድቅ በብዙ ቦታ ክልሉ ተጣሰ፣ ዛፉ ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም እየታረሰ ፈረሰ። ገበሬውን አውዳሚ ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የእኔ ነው ያላለውን ነገር የሚጠብቅ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ደብተር የያዘ ገበሬ እርከኑን የመጠገንና ዛፍ የመትከል ዝንባሌው ጨምሯል። አንዲት ደብተር ከአንድ ዘመቻ ይልቅ አፈር ልታድን ትችላለች።

በትግራይ ውቅሮ አቅራቢያ የምትገኘው አብረሃ ወአጽብሃ የዚህ ሌላ ምስክር ናት። ድርቅና የአፈር መሸርሸር ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር እስከሚታሰብ ድረስ አድርሰዋት ነበር። ሰዉ ግን ከቀዬው ሳይነቀል ተራራውን ከከብት ከለለው፤ ሣሩን አጭዶ እየተሸከመ ለከብቱ የሚያቀርብበትን ደንብ አወጣ፤ ከኮረብታው ሥር ውሃ የሚያሰርጉ ኩሬዎች ቆፈረ። ያ ውሃ መሬት ውስጥ ገብቶ ከታች በሜዳው ብቅ አለ፤ በጥቂት ሜትር ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ማግኘትና በበጋ አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2012 መንደሯ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘች። እዚህ ላይ ከላይ የሚከልለውና ከታች የሚቀዳው አንድ ሕዝብ ነው፤ ድካሙና ጥቅሙ በአንድ ደጅ ይገናኛሉ። ጠጪው ሩቅ ከተማ ሲሆን ነው ነገሩ የሚከብደው።

ይህን ከባድ ጥያቄ በግልጽ ከተጋፈጡት ከተሞች መካከል ኒው ዮርክ አለች። ከተማዋና አካባቢዋ በቀን ወደ 4 ቢሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይጠቀማሉ፤ ከዚህ አብዛኛው የሚመጣው ከካትስኪል ተራሮችና ከደላዌር ወንዝ ራስጌ ነው። ከዚያ የሚመጣው ውሃ በጀርም ማጥፊያ ይታከማል እንጂ በማጣሪያ ጣቢያ አያልፍም። ተፋሰሱ ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከከተማዋ ርቆ በሌሎች አስተዳደሮች ሥር ያለና አብዛኛው የግል ይዞታ የሆነ መሬት ነው። የወተት ላም የሚያረቡ ገበሬዎች፣ ትናንሽ የገጠር ከተሞችና ደን አሉበት።

እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አዲስ መመሪያ አወጣ፤ ከወንዝና ከሐይቅ የሚጠጣ ከተማ ሁሉ ወይ ያጣራል፣ ወይም ተፋሰሱን በበቂ ሁኔታ መጠበቁን ያረጋግጣል። ለኒው ዮርክ ማጣሪያ ለመገንባት የተገመተው ወጪ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በየዓመቱ ለማንቀሳቀስ ደግሞ መቶ ሚሊዮኖች ይጨመራሉ። ከተማዋ ተፋሰሱን መጠበቅ መረጠች። የመጀመሪያው ሙከራዋ ግን የተለመደው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 እርሻ ከወንዝ ዳር እንዲህ ይራቅ፣ ፍግ እንዲህ አይከመር የሚል ረቂቅ ደንብ ወደ ተራሮቹ ላከች።

ገበሬው ተቆጣ። ቁጣው የቆየ ቁስል ነበረው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒው ዮርክ የአሾካንን ግድብ ስትሠራ በሕግ ኃይል መሬት ወስዳ፣ መንደሮችን ከውሃ በታች አስቀርታ፣ መቃብር ሳይቀር አስነስታ ነበር። በኋላም በፔፓክተንና በካነንስቪል ተመሳሳይ ነገር ተደገመ። አያቱ ከቤቱ የተነቀለበት ገበሬ ከከተማ የመጣን ደንብ በምን ዓይን እንደሚያየው ለመገመት አያዳግትም።

የውሃ መሥሪያ ቤቱን በወቅቱ ይመራ የነበረው አልበርት አፕልተን ረቂቁን በጉልበት ከመግፋት ይልቅ ከገበሬዎቹ ጋር ለወራት ተቀመጠ። የተገኘው ስምምነት በቀላሉ ሲገለጽ ይህ ነው፦ ከተማዋ ትከፍላለች፣ ገበሬው በራሱ ምክር ቤት ሥራውን ይመራል፣ ተሳትፎውም በፈቃድ ነው። በምላሹ ገበሬዎቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 85 በመቶው እንዲሳተፍ ለማድረግ ቃል ገቡ፤ ከዚያም በላይ አሳተፉ። ሥራው በረት ውስጥ ገብቶ ሲታይ ተራ ነገር ነው። የሰውን ሆድ የሚያውኩ ተውሳኮች በብዛት የሚገኙት በጥጃ ፍግ ውስጥ ስለሆነ የጥጃ ቤቱ ከወንዝ ይርቃል። ላሞቹ ወንዝ ገብተው እንዳይጠጡ አጥር ይታጠራል፣ በምትኩ መጠጫ ገንዳ ይሠራላቸዋል። ፍግ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ወለል ይነጠፋል። ለአጥሩ፣ ለገንዳውና ለወለሉ ሒሳቡን የሚከፍለው የኒው ዮርክ ውሃ ተጠቃሚ ነው።

በጥር 1997 እ.ኤ.አ. ከተማዋ፣ ክፍለ ሀገሩ፣ የፌዴራል መንግሥቱ፣ የተፋሰሱ ከተሞችና የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ሰፊ የስምምነት ሰነድ ፈረሙ። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ለጥበቃ ስትል መሬት የምትገዛው ከፈቃደኛ ሻጭ ብቻ፣ በገበያ ዋጋ ነው፤ በገዛችው መሬት ላይም ለአካባቢው አስተዳደር ግብር መክፈሏን ትቀጥላለች። ያረጁ የቤት የፍሳሽ ጉድጓዶች በከተማዋ ወጪ በሺዎች ተተኩ። አዲስ አስፋልትና ጣራ ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከግድብ ሐይቅ ደግሞ 90 ሜትር ያህል እንዲርቅ ተወሰነ። ነገሩ ሁሉ ማርና ወተት ሆነ ማለት አይደለም፤ ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ሜዳ መሬት በከተማዋ እየተገዛ አለቀ የሚል ቅሬታ ከተራሮቹ ሲሰማ ቆይቷል። ቅሬታው ግን የሚነገርበት ጠረጴዛ አለ፤ ስምምነቱም እየታየ ይሻሻላል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ አውራጃ ሌላ መንገድ ነው የሄደው። በአውራጃው ውስጥ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ጋር ተያይዞ ሲያድግ፣ አውራጃው እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 37,000 ሄክታር የሚሆን መሬት፣ የግዛቱን አንድ ሦስተኛ ያህል፣ የእርሻ ክልል አደረገ። በዚያ ክልል አንድ ቤት የሚፈቀደው ለ10 ሄክታር ያህል መሬት ነው። ገበሬው በመሬቱ ላይ ቤት የመሥራት መብቱን ሲነጠቅ ባዶ እጁን አልቀረም፤ ያንን መብት ከተማ ውስጥ ከፍ ያለ ሕንፃ ለሚሠራ አልሚ መሸጥ ይችላል። መሬቱ በእጁ ይቆያል፣ ያርሰዋል፣ ገንዘብም ያገኛል። መሬት በሽያጭ በማይለወጥበት በኢትዮጵያ ሕግ ይህ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም። ከላይ ሆኖ ላለመሥራት የተስማማው ሰው ከታች ከሚሠራው እንዲካስ ማድረጉ ግን ሊጠና የሚገባው ነው።

ጣና ላይ የሆነው የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ከተመዘገበበት ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ገበሬ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቅሎታል፤ ማሽን ተገዝቷል፣ ገንዘብ ተዋጥቷል። የዚያ ሕዝብ ድካም የሚያስከብር ነው። አረሙ የሚመገበው ንጥረ ነገር ግን በርብ፣ በጉማራና በመገጭ ወንዞች ከሚታጠበው ማሳና ከከተሞች ፍሳሽ ይመጣል። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው ባህር ሸሽ መሬት እየታረሰ፣ ደለልና ማዳበሪያ ያጣራ የነበረው ረግረግም እየጠበበ ነው። ባህር ሸሹን ማን ያርሳል፣ እስከ የት ድረስ ያርሳል የሚለው በግልጽ ካልተወሰነ፣ ነቀላው በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ካትስኪል አላት። በ1962 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የለገዳዲ ግድብና በ1991 ዓ.ም. የተጨመረው የድሬ ግድብ ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ገበሬዎች መሬት መካከል ናቸው። ስንዴና ጤፍ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል፣ ቤትና ፋብሪካም በደሴ መንገድ እየተከተለ ይገባል። በክረምት ወደ ግድቡ የሚገባው ውሃ ደፍርሶ ነው የሚደርሰው፤ ማጣሪያው ያንን ለማጥራት ኬሚካል ይጨምራል፣ ኬሚካሉም ዋጋ አለው። ደለሉ ደግሞ ግድቡ ውስጥ ተኝቶ ለውሃ የተሠራውን ቦታ ይይዛል።

እዚህም የቆየ ቁስል አለ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን በአንድ ላይ ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን፣ መሬታችንን እንነቀላለን የሚል ሥጋት አስነስቶ፣ ብዙ ሕይወት ከጠፋበት ተቃውሞ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። በከተማው ዙሪያ ካሳ ሳይበቃው የተነሳ ገበሬ ታሪክ በየቤቱ ይነገር ስለነበር ሥጋቱ ከባዶ አልመጣም። ስለዚህ ለለገዳዲ ተፋሰስ የሚዘጋጅ ማንኛውም ዕቅድ ከካርታ ሥራ ቀድሞ እምነት ማግኘት አለበት። የመጀመሪያው ቃል «ማንም አይነሳም» የሚል መሆን ይኖርበታል፤ በጽሑፍ ሰፍሮ።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ብዙ የሚጠቀም የበለጠ እንዲከፍል በደረጃ የተከፈለ ነው። በላይኞቹ ደረጃዎች ላይ በሜትር ኩብ ጥቂት ሳንቲም ተጨምሮ ከግድቦቹ በላይ ላሉ ገበሬዎች ለእርከን፣ ለመኖ ሣር፣ ለበረትና ለመጸዳጃ ሥራ ቢውል ድሃው ቤተሰብ አይጎዳም። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ምክር ቤት ውስጥ ገበሬዎቹ ድምፅ ይዘው መቀመጥ አለባቸው፤ በካትስኪል ነገሩን የለወጠው ይህ ነበርና። በሕግ በኩልም በሩ ዝግ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ካላት ልዩ ጥቅም ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን በስም ይጠቅሳል፤ ውሃ ደግሞ ሁለቱን በየቀኑ የሚያገናኛቸው ሀብት ነው።

ለመጀመር የሦስት ወገን ስብሰባ ይበቃል፦ የከተማው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ የአካባቢው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ከግድቦቹ በላይ የሚያርሱ ገበሬዎች። አንድ ትንሽ ንዑስ ተፋሰስ ተመርጦ፣ መውጫው ላይ እንደ አንጀኒው የውሃና የደለል መለኪያ ተተክሎ፣ ክፍያው ከሚለካው ውጤት ጋር ሊያያዝ ይችላል። እርከን የሚሠራው መኸሩ ተሰብስቦ ማሳው ባዶ በሚሆንበት በጥርና በየካቲት ነው። ውሉ ከዚያ በፊት፣ በጥቅምትና በኅዳር ከተፈረመ፣ ሥራው ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል።